የእናቴ ዐደራ

«ድመት መንኵሳ ዐመሏን አትረሳ» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምረን እየሰማን አድገናል። ይህንንም ተረት የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ለመንቀፍ ነው፤ ክፉ ሥራዬን ትቻለሁ ብሎ ተመልሶ በሚሠራው ሰው ላይ እንተርትበታለን። ስለ ድመቲቱ ግን አስቦ፥ «ዐመሏን ያልረሳችው ለምን ይሆን?» ብሎ የጠየቀ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔም ሳልጠይቅ 58 ዓመት ኖሬአለሁ። እንድጠይቅ ያስገደደችኝ ከእናቴ በዐደራ የተቀበልኋት አንዲት ድመት ናት። ከርስዋ የተማርሁትን ሳልናገር ብቀር ደግ መስሎ ስላልታየኝ፥ የራሴ ጥፋት ያለበትን ታሪክ እንደ ሆነው አድርጌ ለአንባቢዎች እጽፋለሁ።

እናቴ፥ አባቴ ካረፈ በኋላ፥ በደብረ ብርሃን ከተማ ብቻዋን ትኖር ነበር። ብቻዋን ማለቴ ሰው ከርስዋ ጋራ አልነበረም ለማለት ነው እንጂ፥ ዐመዲት የምትባል ዐመድማ ድመት ነበረቻት። ዐመዲት ገና ዐይኗ እንደ ተገለጠ እናቷ ስለ ሞተችባት፥ እናቴ ወተት በጥጥ እየነከረች አጥብታ አሳደገቻት። ስለዚህ ይህች ድመት ከሕፃንነቷ ጀምሮ የድመት ወዳጅ አልነበራትም። የምታውቀው የእናቴን ጕልበት፥ የምድጃውን ዳርና፥ በብርድ ጊዜ የምትገባበትን የእናቴን ጋቢ ብቻ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. እናቴ ታመመችና ወደ አዲስ አበባ ወደ ቤቴ አመጣኋት። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዐመዲትም በቅርጫት ሆና፥ በእናቴ ጭን ላይ ተቀምጣ መጣች። እናቴ በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. ዐረፈች። ከማረፏ ከሦስት ቀን በፊት እጄን ይዛ ስለ ቤት አልተናገረችም፥ ስለ ገንዘብም አልተናገረችም፤ «ልጄ፥ ዐመዲትን ዐደራ፤ እንዳትጥላት» አለችኝ። እኔም «እሺ እማዬ» አልኋት። በዚያን ሰዓት ዐደራው ቀላል መስሎ ነበር የታየኝ።

በሚያዝያ ወር ታናሺቱ ልጄ በአያቷ ሞት እጅግ ስላዘነች፥ ባለቤቴ ታጽናናት ዘንድ አንድ ትንሽ ወንድ ድመት አመጣችላት፤ ነብሮም ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ሰላም ጠፋ። መጀመሪያ የሆነው ነገር እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ አላስተዋልነውም። ዐመዲት በጓዳው በር ላይ ተቀምጣ ነብሮን ዝም ብላ ትመለከተዋለች፤ እርሱም ወደ ምግቡ ለማለፍ ፈርቶ በቁም ሣጥን ላይ ይውላል። ጥል ማለት መቧጨርና መጮኽ ብቻ ይመስለን ነበርና፥ «እነሆ ተስማሙ» ተባባልን። ኋላ ግን መቧጨሩም መጮኹም መጣ። ከዚህ ይልቅ የከፋው ደግሞ በዐመዲት በራስዋ ላይ የደረሰው ነገር ነው። እንቅልፍ አጣች፤ ምግቧን ቀነሰች፤ ሆዷን እየላሰች ፀጕሯን መልጣ ጣለችው፤ ንጽሕናዋ የታወቀ ድመት በአልጋዬ ላይ ትሸና ጀመር። አንድ ቀን የእናቴን ጋቢ በሽንቷ ርሶ ባገኘሁት ጊዜ ቍጣዬን መቈጣጠር አቅቶኝ በመጥረጊያ መታኋት። «ካረጀች በኋላ ቅናተኛ ሆነች» እያልሁም ለሰው ሁሉ አማኋት።

በሐምሌ ወር ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኋት። ሐኪሙ አስቀድሞ ሽንቷን መረመረ። «ድመት ከቦታዋ ውጭ የሸናች እንደ ሆነ፥ ከሁሉ በፊት በሽታ አለመኖሩን ማጣራት ይገባል፤ ይልቁንም ወንድ ድመት እያማጠ ሽንቱ እንቢ ያለው እንደ ሆነ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላልና ለነገ የሚባል ነገር አይደለም» አለኝ። በዐመዲት ሽንት ግን የበሽታ ምልክት አልተገኘም። ከዚህ በኋላ፥ በቤቱ ስንት ድመት እንዳለ፥ ምግባቸው የት እንደሚቀመጥ፥ እርስዋ እንዴት እንዳደገች ሁሉን ጠየቀኝ። ስለ ቅናቷ ባነሣሁበት ጊዜ ፈገግ ብሎ፥ «ጋሼ፥ ይህ ቅናት አይደለም፤ ፍርሀት ነው» አለኝ።

እንደ ገለጠልኝም፥ በየቤቱ የምናየው ድመት ሁሉ በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖር ከአንድ ዓይነት የዱር ድመት የመጣ ነው። ይህም አውሬ እንደ አንበሳ በመንጋ አያድንም፤ አይጥና ወፍ የመሰለውን ትንሽ ነገር ብቻውን አድኖ ብቻውን ይበላል። አንዲት አይጥ ለሁለት አትበቃምና፥ በወሰኑ ውስጥ የገባ ሌላ ድመት እንጀራውን የሚነጥቅ ባላጋራ ነው። ድመት ከሰው ጋራ መኖር የጀመረችው ከጥንት ነው፤ በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያህል የሆነው መቃብር ተቈፍሮ፥ ሰውና ድመት ባጠገብ ላጠገብ ተቀብረው መገኘታቸውን ሊቃውንት በ1996 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2004) ገልጠዋል። ነገር ግን ከሰው ጋራ መኖርን ብትማርም፥ ከማታውቀው ድመት ጋራ ቤት መጋራትን በተፈጥሮዋ አላገኘችውም። እርግጥ ነው፥ ምግብ በበዛበት ስፍራ እናትና ልጅ፥ እኅትና እኅት የሆኑ ድመቶች ተስማምተው ሲኖሩ ይታያሉ፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አብረው ያደጉትም እንዲሁ። ግልገሏ ከተወለደች ከሁለተኛው ሳምንት እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያየችውን ሁሉ በቀላሉ ትለምዳለች። ዐመዲት ግን በዚያ ጊዜ ያየችው እናቴን ብቻ ነበር።

ሐኪሙም ተስፋ ሳንቈርጥ እንድንሞክር አዝዞ ሥርዐቱን አስተማረን። ሁለቱን በተለያየ ክፍል አደረግናቸው። የአንደኛውን ጕንጭ በጨርቅ እያበስን ጨርቁን በሌላው ምግብ አጠገብ አኖርን፤ ድመት ወዳጁን ከጠላቱ የሚለየው በሽታ ነውና። ቀጥሎም ከተዘጋው በር ወዲያና ወዲህ አበላናቸው፤ ኋላም በሩን ጥቂት ጥቂት እየከፈትን እንዲተያዩ አደረግን። ለሁለት ድመት ሦስት የአሸዋ ሣጥን አዘጋጀን፤ የምግባቸውንም ሳሕን አራራቅን። እንዲህ እያደረግን ሦስት ወር ቈየን። ነብሮ ለመደ፤ ዐመዲት ግን በሩ በተከፈተ ቍጥር ፀጕሯ እየቆመ፥ ሆዷን ከቀድሞው ይልቅ እየመለጠች ሄደች። በመጨረሻ ሐኪሙ፥ «ይህች ድመት ክፉ አይደለችም፤ ሌላ ድመት የማታይበት ቤት ያስፈልጋታል» አለኝ።

ምናልባት አንባቢ፥ «ኋላ የመጣው ነብሮ አይሰጥም ነበርን?» ይለኝ ይሆናል። ይህንንም አስበነው ነበር። ነገር ግን ሰፈራችን የድመት ሰፈር ነው፤ ያምስት ቤት ድመት በአጥራችን ላይ ይመላለሳል፥ በመስኮታችንም ይመለከታል። ነብሮ ቢሄድ ስንኳ ዐመዲት ዕረፍት አታገኝም ነበር። ስለዚህ ለሰው ልሰጣት ቈረጥሁ። እኅቴ ይህን በሰማች ጊዜ፥ «የእማዬን ዐደራ ልትበላ ነው?» አለችኝ። ነገሯ እንደ እሾህ ወጋኝ፤ በመወጋቴም ተቻኰልሁ፤ በመቻኰሌም በደልሁ።

የባለቤቴ የአክስት ልጅ በኮተቤ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት አለው። ድመት ይፈልግ እንደ ሆነ በስልክ ብጠይቀው፥ «አይጥ አስቸግሮናልና ያምጧት» አለኝ። «ዐመሏ እንዴት ነው?» ባለኝ ጊዜ፥ «ጨዋ ናት» ብዬ ዝም አልሁ። ሐሰት አልተናገርሁም፤ ከሰው ጋራ በውነት ጨዋ ነበረች። ነገር ግን የተናገርሁት እውነት ያልተናገርሁትን እውነት እንዲሸፍንልኝ ዐስቤ ነው። ሌላ ድመት ይኑራቸው አይኑራቸው አልጠየቅሁም፤ ያልጠየቅሁትም መልሱን ስለ ፈራሁ ነው። በገበያ በቅሎ የሚሸጥ ሰው ጥርሷንና ሽንጧን እያሳየ እርግጫዋን ይሰውራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭን ስለ ሸጠው ነገር ጉድለት ተጠያቂ ያደርገዋል፤ እኔ ግን በነጻ የምሰጥ ስለ ሆንሁ ማንም የሚጠይቀኝ አልመሰለኝም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን የአክስቱ ልጅ ደወለልኝ። በቤቱ የዘጠኝ ዓመት ልጁ የሚወድደው አንድ ሽማግሌ ድመት ነበረ። ዐመዲት ከርሱ ጋራ ተጣልታ ዐይኑን ቧጭራዋለች፤ እርስዋም ሸሽታ ሁለት ሌሊት በጣራ ላይ አድራለች። በደረስሁ ጊዜ የድመቱ ዐይን ጠፍቶ ነበር። ልጁ በደጁ ደረጃ ላይ ድመቱን አቅፎ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝና፥ «ጋሼ፥ እንደምትጣላ ያውቁ ነበር?» ሲል ጠየቀኝ።

አባቱ እንዳላፍር ብሎ፥ «ተው አንተ፥ ጋሼ ይህን በምን ያውቃሉ? እንስሳ አይደለችም እንዴ?» አለው። እነሆ የማመልጥበት በር ተከፈተልኝ። ልጁ ግን ዐይኑን ከፊቴ አላነሣም። «ዐውቅ ነበር» አልሁት። አንድ ቃል ሳይመልስልኝ፥ ድመቱን እንዳቀፈ ተነሥቶ ወደ ውስጥ ገባ።

የሐኪሙን ዋጋ ከፍዬ ዐመዲትን በቅርጫት ይዤ ተመለስሁ። በመንገድም ሳለሁ የእኅቴ ቃል ትዝ አለኝ። የእናቴን ዐደራ የበላሁት ድመቷን ለሰው በመስጠቴ አልነበረም፤ ዐመሏን ሰውሬ በመስጠቴ ነው። ጉድለቷን የሸሸግሁት ለርስዋ ቤት ለማግኘት መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን የሸሸግሁት ያ ጉድለት ቤቱን ዘጋባት፥ ያላጠፋውንም የሌላ ቤት ድመት ዐይን አጠፋ።

ከዚያ ወዲያ ዐመዲትን በአንድ ክፍል ለብቻዋ አድርጌ፥ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ከጉድለቷ ጀምሬ እናገር ጀመር። «ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት ነው፤ እንዳትወልድ ተደርጋለች፤ የእብድ ውሻ በሽታም ተከትባለች። ሰው ትወድዳለች፥ አይጥ ትይዛለች። ሌላ ድመት ግን ማየት አትችልም፤ ያየች እንደ ሆነ ትጣላለች፥ በአልጋም ላይ ትሸናለች» እላለሁ። ባለቤቴም፥ «እንዲህ እያልህ ማን ይወስድልሃል?» ትለኝ ነበር። በውነትም ብዙዎች ስቀው ሄዱ። አንድ ባለ ወፍጮ ልውሰዳት አለኝ፤ ነገር ግን ለአይጥ መርዝ እንደሚያኖር ነገረኝ። መርዝ የበላች አይጥ የበላትን ድመት ትገድላለችና እንቢ አልሁ። ባልና ሚስት የሆኑ ጐረቤቶችም ፈልገዋት ነበር፤ እነርሱም ኋላ አንዲት ግልገል እንጨምራለን ስላሉ ቀረ።

የእናቴ ሙት ዓመት በደረሰ ጊዜ፥ በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር፥ እናቴን የሚያውቁ አንዲት እማሆይ መጡ። እኒህ እማሆይ በእንጦጦ ግርጌ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። በጨዋታ መካከል አይጥ ጧፋቸውን እየበላ እንዳስቸገራቸው ቢነግሩን፥ እኔ እንደ ልማዴ ከጉድለቷ ጀምሬ፥ «እማሆይ፥ አንዲት ድመት አለችኝ፤ ነገር ግን ብቻዋን ካልሆነች መኖር አትችልም» አልኋቸው። ታሪኩን ሁሉ፥ የኮተቤውንም ሳላስቀር ነገርኋቸው።

እርሳቸውም አድምጠው ሲያበቁ፥ «ልጄ፥ እኔም ከሰው ጋራ ቤት መጋራት ስላልሆነልኝ ነው ብቻዬን ያለሁት። ሰው ይህን ከኔ ሲሰማ ብሕትውና ይለዋል፤ በድመቲቱ ሲሆን ስለ ምን ክፋት ይባላል?» አሉኝ። በዚያን ጊዜ «ድመት መንኵሳ» የሚለው ተረት ትዝ ብሎኝ ሣቅሁ፤ እርሳቸውም ነገሩ ገብቷቸው ከኔ ይልቅ ሣቁ።

ቀጥለውም፥ «አንተ የርስዋን ጉድለት ከነገርኸኝ፥ እኔም የኔን ልንገርህ። ቤቴ የመነኵሴ ቤት ነው፤ ሥጋ አይገዛበትም» አሉኝ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ድመት ከሥጋ በቀር በሌላ ምግብ ጤና የምታገኝ ፍጥረት አይደለችም፤ በሥጋ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር የጐደለባት እንደ ሆነ ዐይኗና ልቧ ይጐዳል። ወተትና እንጀራ ብቻ እየሰጡ ማኖር ምጽዋት ቢመስልም ጉዳት ነው። ስለዚህ እኔ በየቅዳሜው የተቀቀለ ሥጋና ሳንባ ላመጣላት ተስማማን። እማሆይም፥ «ጾሙ የኔ ነው እንጂ የርስዋ አይደለም፤ በደጅ በገል እሰጣታለሁ» አሉ። ሁለተኛም፥ «ከርስዋ በፊት እኔ የተጠራሁ እንደ ሆነ መልሰህ ትወስዳታለህን?» ብለው ጠየቁኝ። «እወስዳታለሁ፤ እንደ እርስዎ ያለ ቤትም እፈልግላታለሁ» አልኋቸው። የኮተቤው ነገር አስተምሮኛልና፥ ዐመዲትን ከመውሰዴ በፊት ሁለት ቀን በማታ ወደ ግቢያቸው ሄጄ የጐረቤት ድመት የሚመላለስ መሆኑን አየሁ፤ አንድም አላገኘሁም።

ድመት መንገዱን እንዳታውቀው በጆንያ ከትቶ መውሰድ የቈየ ልማድ ነው። ነገር ግን ድመትን በአዲስ ቤት የሚያስቀራት የማታውቀው መንገድ ሳይሆን የምታውቀው ሽታ ነው። ስለዚህ ያን የእናቴን ጋቢ ሳይታጠብ፥ የምትበላበትንም ሳሕን ይዤላት ሄድሁ። ሐኪሙ እንዳዘዘውም ሦስት ሳምንት ከክፍሉ እንዳትወጣ አደረግን፤ ቶሎ የተለቀቀች ድመት ወደ ቀድሞ ቤቷ ስትመለስ በመንገድ ትጠፋለችና። ሁለት ቀን ከአልጋው ሥር አልወጣችም። በሦስተኛው ሌሊት፥ እማሆይ እንደ ነገሩኝ፥ ጸሎታቸውን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያደርሱ ወጥታ በቍርበታቸው ዳር ተቀመጠች።

በወሩ ልጠይቃት ሄድሁ። የሆዷ ፀጕር በቅሏል። እጄን አሸተተች፥ ጕንጯንም አንድ ጊዜ አሻሸችብኝ፤ ከዚያም ተመልሳ በእማሆይ ጕልበት ላይ ተጠቅልላ ተኛች። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ደስታዬ ፍጹም ነበር ብል እዋሻለሁ። ከእናቴ የቀረችኝ ያች አንዲት ነፍስ እኔን ትታ በሌላ ሰው ጕልበት ላይ ስታንቀላፋ ማየት እንባዬን አመጣው። «እንዳትጥላት» ያለችኝ እናቴ፥ አንተ ዘንድ ትኑር አላለችኝም ነበር። ይህን ዛሬም ለራሴ ደጋግሜ እነግረዋለሁ፤ እኅቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ፈጽማ አልተቀበለችውም።

እንግዲህ ለሰው እንስሳ የምትሰጡ፥ ወይም ሠራተኛን፥ ሙሽራን፥ ተማሪን ለሰው የምታስተዋውቁ አንባቢዎች ሆይ፥ ዐመሉን ስትነግሩ የሚሸሽ ሰው ቢኖር አትዘኑ፤ የሸሸው ቤት ለርሱ የተዘጋጀ ቤት አልነበረም። ዐመሉን ሰምቶ «ለኔም እንዲህ ያለው ይስማማኛል» የሚለው ሰው የሚገኘው ከእውነተኛው ቃል በኋላ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ኮተቤ ሄድሁ። ልጁ ባንድ ዐይኑ ከቀረው ድመቱ ጋራ በደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ዐመዲት ቤት ማግኘቷን ነገርሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፥ «ለርሳቸውስ ነገሯቸው?» አለኝ።

«ሁሉን ነገርኋቸው» አልሁት።

ያን ጊዜ በደረጃው ላይ ጥቂት ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።